ለክረምት ጥያቄ የበጋ መልስ፦ በወንዛዬ አካባቢ የወልካ አፈርን ውሃ አሳላፊነት ስለ መለካት

ሸክላማ አፈር ውሃን በምን ያህል ፍጥነት ያሳልፋል? ጥያቄው ቀላል፣ መልሱም በአንድ ቁጥር የሚጻፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ በሚፈሰው በጉማራ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ፣ በተለይም በወንዛዬና በዙሪያዋ ባሉት ማሳዎች፣ ይህ ጥያቄ እንደ ወሩ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይገናኙ መልሶች አሉት። በየካቲት የተሰነጠቀው ወልካ ውሃን እንደ ወንፊት ይቀበላል፤ በነሐሴ ያበጠው ያው ወልካ ግን ውሃን ተሸክሞ ይውላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በበጋ የተለካን ቁጥር ለክረምት ጥያቄ መልስ አድርጎ ማቅረብ ሊቆም ይገባዋል የሚል ነው። የአፈሩን ሁኔታና የተለካበትን ወቅት የማይገልጽ የውሃ አሳላፊነት ቁጥርም በመመረቂያ ጥናት ውስጥ እንደ ውጤት ሊቆጠር አይገባም።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። የወንዛዬ ገበሬ ጤፉን በዘራ ማግስት የሚወስነው አንድ ውሳኔ አለ፦ በማሳው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በፈሰስ ያስወግደው ወይስ በድንጋይ እርከን ይያዘው? ፈሰስ በማረሻ በሰያፍ የሚወጣ የውሃ መውረጃ ቦይ ነው፤ ሰብሉን ከመታፈን ያድናል፤ የሰበሰበውን ውሃ ግን በአንድ ቦታ አጠራቅሞ ወደ ታች ይለቅቃል። ይኸው ልማድ በወንዛዬ አካባቢ በሳይንስ ተመርምሯል። ኤሊዝ ሞንስየር፣ ዣን ፖዘን፣ መከተ ደሴ፣ እንየው አድጎ፣ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 75 ትንንሽ ተፋሰሶችን በሦስት መደብ ከፍለው መርምረዋል፦ ፈሰስ ብቻ ያላቸው፣ የድንጋይ እርከን ብቻ ያላቸውና ሁለቱንም ያጣመሩ። መሬቱ ለቦረቦር መፈጠር ያለውን የመቋቋም ኃይል የሚገልጸው መለኪያ ፈሰስ ብቻ ባለባቸው ተፋሰሶች ከ0.078 እስከ 0.090፣ ሁለቱ በተጣመሩባቸው ከ0.092 እስከ 0.099፣ እርከን ብቻ ባለባቸው ደግሞ ከ0.198 እስከ 0.205 ሆኖ ተገኝቷል። በአጭሩ፣ ፈሰስ ብቻ ያለው መሬት ከሁሉ ይልቅ ለቦረቦር የተጋለጠ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ግን ፈሰስ በራሱ በማሳው ላይ ያለውን የገጽታ መታጠብ እንደሚቀንስም አስገንዝበዋል።

ከዚህ ውጤት ተነሥቶ «ፈሰስ ይቅር፣ እርከን ይሠራ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን እርከን የያዘው ውሃ ወዴት ይሄዳል? መልሱ ያለው በአፈሩ ውሃ አሳላፊነት ላይ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ውሃ በእርከን ተይዞ በማሳው ላይ ተኛ እንበል። አፈሩ በሰዓት 10 ሚሊ ሜትር የሚያሳልፍ ከሆነ ውሃው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሰርጋል፤ ሰብሉም አይጎዳም። አፈሩ የሚያሳልፈው በሰከንድ 10⁻⁸ ሜትር፣ ማለትም በቀን 0.86 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን፣ ትነትን ወደ ጎን ብንተው፣ ያው ውሃ እስኪሰርግ 23 ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ሁኔታ ገበሬው ፈሰስ ማውጣቱ መሬቱን በከንቱ ለቦረቦር ማጋለጥ ይሆናል፤ በሁለተኛው ግን ፈሰስን መከልከል የዓመት ቀለቡን መከልከል ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ማሳ ሊገኙ የሚችሉ መሆናቸው ነው የችግሩ እምብርት።

አፈሩ ለምን ሁለት መልክ ይኖረዋል?

ሁላችን የምንጠቀምበት የውሃ አሳላፊነት ጽንሰ ሐሳብ የተወለደው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 በዲዦን ከተማ ስላደረገው ሙከራ ባሳተመው ሥራ ነው። ዳርሲ የሠራው በአሸዋ ነበር። አሸዋ ሲረጥብ አያብጥም፤ ሲደርቅም አይሰነጠቅም፤ ስለዚህ የማሳለፍ አቅሙ እንደ ቋሚ ጠባይ ሊቆጠር ይችላል። ቨርቲሶል ተብሎ የሚጠራው ወልካ ግን ስሜክታይት የተባለውን የሚያብጥና የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን በብዛት ይዟል። በዚህም ምክንያት በውስጡ ሁለት የውሃ መንገዶች አሉ፦ አንደኛው በሸክላው ቅንጣቶች መካከል ያለው እጅግ ጠባብ መንገድ፣ ሁለተኛው በስንጥቆች በኩል የሚያልፈው ሰፊ መንገድ። የመጀመሪያው ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ሁለተኛው ግን ከዝናቡ ጋር ይዘጋል፣ ከፀሐዩ ጋር ይከፈታል።

የስንጥቁ መንገድ የሚያሳየው ለውጥ ከሚታሰበው በላይ ነው። በትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚፈስ ውሃ መጠን ከስንጥቁ ስፋት ኩብ ጋር ስለሚመጣጠን፣ የስንጥቁ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው ውሃ በስምንት እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ በስንጥቆቹ በኩል ወደ ታች ሲወርድ ከማሳው የሚወጣው ጎርፍ ጥቂት ነው። ሐምሌ እየገፋ ሲሄድና አፈሩ ሲያብጥ በሩ ይዘጋል። በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ የሚያገኘው ቀድሞ የነበረውን አፈር አይደለም፤ በስምና በቦታ አንድ ቢሆንም በጠባዩ ሌላ የሆነ አፈር ነው። ገበሬው ፈሰሱን የሚያወጣው ለዚህኛው አፈር ነው።

በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ቨርቲሶል እንዳለ፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ በተለምዶ ይጠቀሳል። እንግዲህ ጉዳዩ የወንዛዬ ብቻ አይደለም፤ ከፎገራ ሜዳ እስከ እነዋሪና ጊንጪ ድረስ ይዘልቃል።

መሣሪያውና ካላንደሩ

የተለመደው አሠራር ይህን ነው፦ ተማሪው የጥናት ዕቅዱን ካጸደቀ በኋላ በበጋው ወራት ወደ መስክ ይወጣል፤ ባለ ሁለት ቀለበት የስርገት መለኪያ ይተክላል፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ውሃው ሲወርድ በማስመሪያ ያነባል፤ ንባቡ የተረጋጋ ሲመስለው ያቆማል። መንገዱ ደረቅ ነው፤ መኪናው አይያዝም፤ ማሳው ታጭዷል። ሁሉም ነገር ለሥራው ይመቻል። የማይመቸው አፈሩ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ፣ ደረቅ ሸክላ ላይ ቀለበት በመዶሻ ሲመታ አፈሩ ይሰባበራል፤ በቀለበቱ ግድግዳ ዙሪያ አዲስ ክፍተት ይፈጠራል። ውሃው ከአፈሩ ይልቅ በዚህ ክፍተት ይሾልካል። ሁለተኛ፣ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በአፈሩ አልፎ የሄደ አይደለም፤ ብዙው ስንጥቅ ለመሙላትና የተጠማውን ሸክላ ለማርካት የሚውል ነው። ሦስተኛ፣ ከቀለበቱ በታች ያለው አፈር ሲያብጥ የውሃውን ገጽ ወደ ላይ ሊገፋ ስለሚችል ንባቡ ከእውነተኛው ፍሰት ያንሳል። እነዚህ ስሕተቶች አንዳንዱ ቁጥሩን ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች ስለሚጎትቱ «ይቻቻላሉ» ብሎ መጽናናት አይቻልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመሣሪያው የንባብ ወሰን ነው። አፈሩ በእርግጥ በሰከንድ 10⁻⁸ ሜትር ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ውሃ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ ይህን ሊያነብ አይችልም። በዚያው ላይ ከተከፈተ ቀለበት የሚወጣው ትነት በጠራ ቀን ብዙ ሚሊ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል በስርገት የሚወርደውን ውሃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ የሚለካው አፈሩ ሳይሆን ፀሐዩ ነው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ሙከራ የተገኘ 10⁻⁸ ያልተነበበ ንባብ ነው፤ በደረቅ ወልካ ላይ የተገኘ በሰዓት 10 ሚሊ ሜትርም፣ ማለትም በሰከንድ 2.8 × 10⁻⁶ ሜትር፣ የስንጥቅ ንባብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 280 እጥፍ ነው፤ የትኛውም የስታቲስቲክስ ዘዴ ሊያስታርቃቸው አይችልም።

ይህ የመሣሪያ ወሰን አዲስ ግኝት አይደለም። የአሜሪካ የፍተሻና የቁሳቁስ ማኅበር ለተከፈተው ባለ ሁለት ቀለበት ያወጣው ደረጃ ውሃ የማሳለፍ አቅማቸው በሰከንድ ከ10⁻⁴ እስከ 10⁻⁸ ሜትር ለሆኑ አፈሮች የታሰበ ነው። ከዚያ ለሚያንሱት የታሸገ ውስጣዊ ቀለበት ያለው ሌላ ደረጃ አለ። በዚህኛው የውስጡ ቀለበት ክዳን ስላለው ትነት አያገኘውም፤ የሰረገው ውሃም በማስመሪያ ሳይሆን ከቀለበቱ ጋር የተያያዘ የውሃ ከረጢት በመመዘን ይታወቃል። ሙከራው ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል።

ቤተ ሙከራው አያድንም

መስኩ እንዲህ ካስቸገረ ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ መለካት አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አሜሪካዊው የአፈር መሐንዲስ ዴቪድ ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት በሸክላ የተነጠፉ የውሃ ማቆሪያዎችን መርምሮ፣ በመስክ የታየው የማሳለፍ አቅም በቤተ ሙከራ ከተገመተው በ10 እስከ 1,000 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በእጅ የሚያዝ የናሙና ቱቦ ስንጥቁን፣ የሥር ቀዳዳውንና የምስጥ መንገዱን አይዝም፤ ቢይዝም ናሙናው «ተበላሽቷል» ተብሎ ይጣላል። የወንዛዬን ፍል ውሃ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ውሃው ከጥልቀት የሚወጣው በድንጋዩ ሁሉ እኩል ተጣርቶ ሳይሆን መንገድ ባገኘበት ነው። ከዚያው አካባቢ በዘፈቀደ የተነሣ አንድ የድንጋይ ቁራጭ በቤተ ሙከራ ቢፈተሽ ምንጩ መኖሩን እንኳ አይናገርም።

የአማካይ አወሳሰድም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ለምሳሌ ከአሥር ንባቦች ዘጠኙ በሰከንድ 10⁻⁸ ሜትር፣ አንዱ ደግሞ ስንጥቅ ላይ አርፎ 10⁻⁵ ቢሆን፣ ተራው አማካይ 10⁻⁶ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ከዘጠኙ ንባቦች መቶ እጥፍ የሚበልጥ፣ በየትኛውም ነጥብ ላይ ያልታየ ቁጥር ነው። ጂኦሜትሪያዊው አማካይ ግን 2 × 10⁻⁸ ነው። የትኛው ትክክል ነው? እንደ ጥያቄው ነው። የጠቅላላው ማሳ ውሃ ምን ያህል ወደ ታች ይወርዳል ለሚል ጥያቄ ያች አንዲት ስንጥቅ ዋናዋ ናትና ልትጣል አይገባም። በማሳው አብዛኛው ክፍል ላይ ሰብል ይታፈናል ወይ ለሚል ጥያቄ ግን ዘጠኙ ይበልጣሉ። አንድ አማካይ ብቻ ጽፎ ንባቦቹን መደበቅ ሁለቱንም ጥያቄዎች ያለ መልስ ያስቀራል።

ከጎረቤት ተፋሰሶች የሚገኝ ትምህርት

በአማራ ክልል በሌሎች ተፋሰሶች የተደረጉ ምርምሮች የቀለበት ንባብን ብቻውን ማመን እንደማያዋጣ ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በተመሠረቱት እንደ ማይባርና አንዲት ጥድ ባሉ ጣቢያዎች በኋላ የተደረጉ የስርገት ልኬቶች፣ በአብዛኛው ተዳፋት የአፈሩ የመቀበል ፍጥነት ከዝናቡ ጥንካሬ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ታዲያ ጎርፉ ከየት ይመጣል? ውሃ ጠግበው ሌላ ከማይቀበሉ የታችኛው ተፋሰስ ክፍሎችና አፈራቸው ከተራቆተ ቦታዎች ነው። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ባለው በደብረ ማዊ ተፋሰስ ደግሞ በፒዞሜትር የተደረገው ክትትል ቦረቦር የሚሰፋው የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ባለበት ስፍራ መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ የወልካን ጠባይ ለማወቅ የቀለበቱ ንባብ ከውሃው ወለል ንባብ ጋር መጣመር አለበት። ከሥር ያለው ውሃ ወደ ገጹ ከተጠጋ አፈሩ የቱንም ያህል አሳላፊ ቢሆን ውሃው የሚሄድበት የለውም።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ውድ መሣሪያ ማስመጣት አይደለም። የታሸገው ቀለበት መርህ በአገር ውስጥ ቁሳቁስ ሊተገበር ይችላል። ከበርሜል የተቆረጠ ሰፊ ቀለበት፣ ትነትን የሚከላከል ክዳንና ከጎኑ የሚቀመጥ የመቆጣጠሪያ ዕቃ ይበቃሉ። የመቆጣጠሪያው ዕቃ ታቹ የተደፈነ፣ በመጠኑና በክዳኑ ቀለበቱን የሚመስል፣ ያንኑ ፀሐይና ያንኑ ዝናብ የሚቀበል መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ለአፈሩ ይቆጠራል። ቀለበቱ በመዶሻ ከሚመታ ይልቅ ዙሪያው ተቆፍሮ ቢተከልና ክፍተቱ በሚያብጥ ሸክላ ቢደፈን በግድግዳው የሚሾልከው ውሃ ይቀንሳል። በጉድጓድ ዘዴ የሚለካ ከሆነም መሰርሰሪያው እርጥብ ሸክላን እየለሰነ ቀዳዳዎቹን ስለሚዘጋ ግድግዳውን በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብሎ መፋቅ ያስፈልጋል።

የጊዜው ነገር ከመሣሪያው ይበልጣል። ልኬቱ በአንድ ቦታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት፦ በግንቦት መጨረሻ ስንጥቁ ክፍት ሳለ፣ በሐምሌ አጋማሽ በመዝጋት ላይ ሳለ፣ በነሐሴ አፈሩ ጠግቦ ሳለ። በብዙ ቦታ አንድ ጊዜ ከመለካት በጥቂት ቦታ ሦስት ጊዜ መለካት ለወልካ የበለጠ ይነግራል። ሪፖርቱም ከቁጥሩ ጎን የልኬቱን ቀን፣ የአፈሩን የመነሻ እርጥበት፣ የስንጥቁን ስፋትና ጥልቀት፣ የሙከራውን ርዝመት፣ የውሃውን ሙቀትና የትነቱን ማስተካከያ ሊይዝ ይገባል። ሙቀቱ የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የ10 ዲግሪ ውሃ ከ20 ዲግሪ ውሃ በ30 በመቶ ገደማ የወፈረ በመሆኑ በደጋ ማለዳ የተነበበና በቀትር የተነበበ ቁጥር ያለ ማስተካከያ አይወዳደሩም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፦ በነሐሴ ወደ ማሳው የሚያስገባ መንገድ የለም፤ የምረቃ ካላንደሩም አይፈቅድም። ይህ እውነት ነው፤ ግን የሚያመለክተው ካላንደሩ መስተካከል እንዳለበት እንጂ አፈሩ በካላንደሩ እንደሚገዛ አይደለም። የትምህርት ክፍሎች አንድን የመስክ ቦታ ቋሚ አድርገው ቢይዙ፣ ቀለበቶቹ በግንቦት ተተክለው ክረምቱን በአካባቢው በሚኖር የሠለጠነ ንባብ ወሳጅ ቢጠበቁ፣ በየዓመቱ የሚመጣ ተማሪ ከባዶ አይጀምርም። የሳምንታት ሙከራ ለአንድ ተማሪ ይከብዳል፤ ለአንድ ትምህርት ክፍል ግን አይከብድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሞዴል ሠሪዎች ወገን ይመጣል፦ እንደ ስዋት ያሉ ሞዴሎች የወንዙን ፍሰት እስኪመስሉ ድረስ የማሳለፍ አቅሙ ራሱ ስለሚስተካከል የመስክ ቁጥሩ ትክክለኛነት ብዙ አያሳስብም ይባላል። ይህ ክርክር ራሱን ይጥላል። ቁጥሩ በኋላ የሚለወጥ ከሆነ መስክ መውጣቱ ለጌጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያም በላይ የጉማራን ፍሰት በትክክል የሚያሳይ ሞዴል ውሃው በየት በኩል እንደመጣ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የወንዙን መጠን ለማወቅ ይህ ላይጎዳ ይችላል፤ ፈሰስን በእርከን መተካት በማሳው ላይ ምን ያመጣል ለሚለው ጥያቄ ግን መንገዱን የሳተ ሞዴል መልስ የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው፦ የበጋ ልኬትም የራሱ ጥቅም አለው። በእርግጥም አለው። የመጀመሪያው ዝናብ ምን ያህል እንደሚሰርግ፣ ደርቆ የከረመ የኩሬ ወለል ውሃ ሲገባበት ምን ያህል እንደሚያፈስ፣ በመስኖ የሚለማ ወልካ የመጀመሪያውን ውሃ እንዴት እንደሚቀበል የሚያሳየው የበጋው ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚነቀፈው በበጋ መለካት አይደለም፤ የበጋውን ቁጥር ስሙን ሳይጽፉ በክረምት ጥያቄ ላይ መለጠፍ ነው።

እንግዲህ ከመመረቂያ ጥናት አማካሪዎችና ፈታኞች የሚጠበቀው ጥቂት ነው። በወልካ ላይ የተለካ ቁጥር ሲቀርብላቸው «ስንት ነው?» ከማለታቸው በፊት «በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት አፈር፣ ለየትኛው ጥያቄ?» ብለው ይጠይቁ። ለእነዚህ ሦስቱ መልስ የሌለው ሠንጠረዥ እንደገና እንዲሠራ ይመለስ። የወንዛዬ ገበሬ ፈሰሱን ሲያወጣ አፈሩ በዚያ ወር ውሃ እንደማይጠጣ በልምዱ ያውቃል። ምርምሩ ለዚህ ገበሬ ከፈሰስ የተሻለ ምክር ሊሰጠው ከፈለገ መጀመሪያ እሱ የሚያርሰውን አፈር፣ እሱ በሚያርስበት ወር ሊለካ ይገባዋል።